ለመስከረም የቆየው ሣር

ቶሎሳ ጎረቤቱን ይፈራ ነበር። ጎረቤቱ ስቱረ የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ነፋስ ቢገፋው የሚወድቅ የሚመስል ቀጭን ሽማግሌ ነው። ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ነገር ግን ቶሎሳ ስዊድን አገር በኖረባቸው ዓመታት የተማረው አንድ ነገር ቢኖር፣ የዚህ አገር ሰው ሲቆጣ ድምፁን ከፍ ሳይሆን ዝቅ እንደሚያደርግ ነው። የስቱረ ድምፅ ደግሞ ሁልጊዜም ዝቅ ያለ ነበር።

ፍርሃቱ ትናንት የጀመረው አይደለም። ቶሎሳ ወለጋ ውስጥ ስዊድናውያን ሚስዮናውያን በከፈቱት ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በነፃ ትምህርት ዕድል ወደ ስቶክሆልም ሲመጣ ጢሙ ገና ማቀምቀሙ ነበር። ምህንድስናውን ሊጨርስ ሲል፣ ወንጌላዊ የነበሩት አባቱ መታሰራቸውንና የቤተ ክርስቲያናቸው በር መታሸጉን በስልክ ሰማ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቡ ተነሥታ ጉሮሮው ላይ ትቀመጣለች። አባቱ እግዚአብሔር ይመስገን ከእስር ወጥተው፣ የልጃቸውን ልጅ በፎቶግራፍ አይተው፣ በሰላም በአልጋቸው ላይ አረፉ። ፍርሃቱ ግን ቶሎሳ ዘንድ ቀረ።

ሥራው ሶደርተልየ ከተማ በሚገኝ የጭነት መኪና ፋብሪካ ፍሬን መፈተን ነው። ሚስቱ ያለምወርቅ፣ «ለፍርሃቱ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ባሌ ብቻ ነው» እያለች በእንግዳ ፊት ትቀልድበታለች። እሷ ሶልና ባለው ትልቁ ሆስፒታል የደም ናሙና ትመረምራለች፤ ከእሱ ይልቅ ደፋር፣ ከእሱ ይልቅ ተናጋሪ ናት። ሱንድቢበሪ ውስጥ በፎቅ ቤት ብዙ ዓመት ከኖሩ በኋላ፣ ልጃቸው ራኬብ አግብታ ወጥታ፣ ቱሊንገ ውስጥ ግቢ ያለው ቤት ገዙ። የገቡት ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነበርና የመጀመሪያው ዓመት ክረምት ግቢውን በበረዶ ሸፍኖት አለፈ። ግቢው ምን እንደያዘ ያወቁት በግንቦት ነው።

በግንቦት ግቢው ቢጫ ሆነ። ስዊድኖች ማስክሩስ የሚሏት አረም ናት፤ ያለምወርቅ ግን ከቤት ወጥታ ስታያት እጇን በአፏ ላይ ጫነች።

«ቶሎሳ፣ ና እይ! አደይ አበባ መሰለኝ እኮ!»

ቶሎሳ የተመለከተው አበባውን አይደለም። ከቁጥቋጦው አጥር ማዶ ስቱረ በሣሩ ላይ ተንበርክኮ፣ ሹል ብረት ይዞ፣ አንድ ነገር ከመሬት እየነቀለ ነበር። የስቱረ ሣር የተነጠፈ ስጋጃ ይመስላል። ሽማግሌው ቀና ብሎ ቶሎሳን አየና፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ፣ «ቶሎሳ፣ አበቦችህ ሊጠይቁኝ መጥተዋል» አለው።

ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አላለም። ቶሎሳ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። «በነገር ወጋኝ» አላት ለሚስቱ።

«ቀለደብህ እንጂ መች ወጋህ» አለች። «ሰውዬው ብቻውን ነው። የሚያናግረው ሰው አጥቶ ነው ከአረም ጋር የሚያወራው።»

ሰኔ ላይ ያለምወርቅ ሌላ ነገር አመጣች። ከፖም ዛፉ ሥር፣ በስቱረ አጥር በኩል ያለውን ረዘም ያለ መደብ እንዳይታጨድ ከለከለች። «ይቺን አትንካብኝ» አለችው። «ለመስከረም ናት። ዘንድሮ ሁለት ሺህ ዓመት እየገባ፣ ሣር ሳልጎዘጉዝ እንግዳ ልቀበል ነው?» ሱንድቢበሪ ሳሉ በየዓመቱ ከመንገድ ዳር፣ ሰው አየኝ አላየኝ እያለች፣ በፌስታል እየነጨች ነበር የምታመጣው። አሁን የራሷ መሬት አላት። ሣሩን በራሷ ግቢ ማሳደግ፣ በራሷ እጅ ማጨድ ፈልጋለች። ይህን ስትለው ዐይኗ እንዴት እንደበራ ቶሎሳ አይቷል፤ ስለዚህ ማጨጃውን በዚያ በኩል አላስጠጋም።

ሣሩ አደገ። ከሣሩ ጋር ግን እሾኩም፣ ማስክሩሱም፣ ስሙን የማያውቁት ቅጠለ ሰፊ አረምም አብሮ አደገ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ነጩ ዘር እንደ ጥጥ ብን እያለ ወደ ስቱረ ግቢ ይሻገራል። በማግሥቱ ስቱረ ብረቱን ይዞ ይንበረከካል። ቶሎሳ በኩሽናው መስኮት ያን የጎበጠ ጀርባ ባየ ቁጥር፣ ስለ እሱ የተጻፈ ክስ የሚነበብ ይመስለው ነበር። በሐምሌ በመስኮቱ ማየት ተወ። በነሐሴ ቆሻሻ ለመጣል እንኳ ስቱረ ከደጅ አለመኖሩን አረጋግጦ ነበር የሚወጣው።

«የአረም ማጥፊያ ብንረጭስ?» ብሎ አንድ ቀን እንደ ዋዛ ጠየቃት።

ያለምወርቅ የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች። «ኖኅ በሚድህበት ግቢ መርዝ? አይሞከርም፣ ቶሎሳ። አይሞከርም።»

ኖኅ የራኬብ ልጅ ነው። ገና ዓመት አልሞላውም፤ ያገኘውን ሁሉ፣ ጫማም ይሁን ጠጠር፣ በአፉ የሚመረምር ልጅ ነው። ቶሎሳ በሕይወቱ ካገኘው ነገር ሁሉ ይህን ልጅ ሲይዝ ብቻ ነበር ፍርሃቱ ለአፍታ የሚለቀው። በሁለት እጁ ወደ ላይ አንሥቶት ሲያስቀው፣ «ጌታ ሆይ፣ ለእኔ ለፈሪው ይህን ያህል?» ይል ነበር በልቡ።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ በዓሉ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ያለምወርቅ የሴቶች ጉባኤ ብላ ዮተቦሪ ከተማ ሄዳ ሳለች፣ አንድ ጠርሙስ የአረም ማጥፊያ ገዝቶ የመጣው። ሻጩ፣ «ሣሩን አይነካም፤ ቅጠለ ሰፊውን ብቻ ነው የሚያደርቀው» ብሎታል። መጀመሪያ ከደጃፉ ጀመረ። ከዚያ ወደ ጓሮ አለፈ። ከፖም ዛፉ ሥር ሲደርስ ቆመ። እሾኩ አበባውን አውጥቶ፣ አጥሩን ተደግፎ ስቱረን ቁልቁል ይመለከታል። ቶሎሳ ግራ ቀኝ አየና እዚያም ረጨ። ለነገሩ ለያለምወርቅ እነግራታለሁ፣ ሣሩን ከሌላ ቦታ እናመጣለን ብሎ ነው። ጠርሙሱን ዕቃ ቤት አስገብቶ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ያነበበው ከረጨ በኋላ ነበር። ልጆችና እንስሳት እንዳይደርሱበት ይላል። ከተረጨበት ቦታ የታጨደውን ሣር ለከብት መኖ አታድርጉ ይላል።

እሑድ ያለምወርቅ ከጉባኤው እየዘመረች ተመለሰች። ፊቷ ያበራል። ደስታዋን እንዴት ያጥፋው? ሰኞ እነግራታለሁ አለ። ሰኞ ለበዓሉ የመዝሙር ልምምድ ነበር። ማክሰኞ ማታ አፉን ከፈተና፣ «ያለሜ…» አለ። እሷም፣ «ነገ ከሥራ ቶሎ ና፤ ሣሩን አብረን ነው የምናጭደው» አለችው። እንግዲያው ያን ጊዜ እነግራታለሁ፣ ማጭዱን ሳታነሣ እነግራታለሁ አለና ተኛ። ማክሰኞ ዕለት ያደረገው ነገር ቢኖር ወደ ስቱረ ሄዶ፣ ነገ አዲስ ዓመታቸው መሆኑን፣ እንግዶች እንደሚመጡ፣ መኪና እንደሚበዛና ዝማሬ እንደሚሰማ ተናግሮ አስቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ ነው። ስቱረም ዝቅ ባለ ድምፁ፣ «ይገባኛል፣ ይገባኛል» አለው።

ረቡዕ፣ መስከረም አንድ ቀን፣ ቶሎሳ ከሥራ ቶሎ ወጣ። ባቡሩ ግን መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሐዲዱ ላይ ሚዳቋ ገብታለችና እስክትወጣ ታገሡ ተባለ። ሰዉ ጋዜጣውን ገለጠ። ቶሎሳ ሰዓቱን አየ። ያለምወርቅ ትዕግሥት የላትም፤ እሱ ከዘገየ ብቻዋን ታጭዳለች። ስልኳ ላይ ደወለ፤ አታነሣም። ደግሞ ደወለ፤ አታነሣም። የቤቱን ስልክ ሞከረ።

«ሄይ ፓፓ!» አለች ራኬብ። ራኬብ አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። ከኋላዋ የሰው ድምፅና ሳቅ ይሰማል። «የት ቀረህ? ሰው እኮ መጥቷል።»

«እናትሽ… ሣሩን አጨደችው?»

«ሳሎኑ ሁሉ አረንጓዴ ነው! እኔ ስደርስ ጎዝጉዛ ጨርሳ ነበር። እማማ ከበደች የወንዝ ዳር ሸተተኝ ብለው ሊያለቅሱ ደረሱ።»

«ኖኅስ?»

ራኬብ ሳቀች። «ኖኅ በግ ሆኗል! ከአፉ እያወጣሁ ሰለቸኝ።»

አንዲት አጭር ነገር ነበረች መናገር ያለበት። ልጁን ከሣሩ ላይ አንሺው። ይኸው ነው። የሁለት ዓመት ልጅ የሚናገራት ነገር ናት። ቶሎሳ ግን ምላሱ ከላንቃው ተጣበቀ። ለምን ትለዋለች። መርዝ ነው ይላታል። መርዝ ማን አደረገበት ትለዋለች።

«ራኬብ፣ ስሚኝማ፣ ልጁን…»

«በሩ ተንኳኳ ፓፓ፤ ቶሎ ና፣ ሄይዶ!» ብላ ዘጋችው።

መልሶ ደወለ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ማንም አላነሣም። ጸሎት ጀምረው ይሆናል፤ በጸሎት ሰዓት በዚያ ቤት ስልክ አይነሣም። ቶሎሳ ግንባሩን በባቡሩ መስኮት ላይ አስደገፈ። ውጭ ጥድ አለ፣ ሰማይ አለ፣ የመስከረም ብርሃን ጥዱ ላይ ተኝቷል። ያ ሁሉ ውበት አስፈራው። «ጌታ ሆይ፣ እኔን» አለ። «እኔን እንጂ እሱን አይደለም።» ደግሞ ደጋግሞ ይህንኑ አለ፤ ሌላ ጸሎት አልመጣለትም። ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ሴት ፊቱን አይታ፣ «ደህና ነህ?» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። ሚዳቋዋ ወጣች መሰለ፣ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።

ከጣቢያው እስከ ቤቱ ዳገት ነው። ቶሎሳ ከሩጫ የተለያየው በተማሪነቱ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ሮጠ። ደጃፉ ላይ መኪና ተደርድሯል፣ በሩ ላይ ጫማ ተቆልሏል። ከውስጥ የጸሎት ድምፅ ይሰማል፤ ሁሉም በየራሱ ቃል ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጸልይበት ሰዓት ነው። ያለምወርቅ በኩሽናው በር ላይ ቆማ ነበር። አየችው። ሰላም አላለችውም፣ እንኳን አደረሰህ አላለችውም። ፊቷን አዙራ ገባችና የኩሽናውን በር ከኋላዋ ዘጋች።

አወቀች፣ አለ ቶሎሳ በልቡ። አረሙ ሲጠወልግ አይታ አወቀች። ግን ካወቀች ሣሩን ለምን ጎዘጎዘችው? ሊገባው አልቻለም።

ሳሎን ገባ። ከዳር እስከ ዳር ረዥም አረንጓዴ ሣር ተጎዝጉዟል። የቤተ ክርስቲያን ኅብረታቸው ሰዎች ሣሩ ላይ ተንበርክከው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። የትልልቆቹን ልጆች ግንባር ሣር ነክቶታል። የኅብረቱ አንጋፋ እናት እማማ ከበደች በዕድሜያቸው ምክንያት ወንበር ላይ ናቸው፤ አንዲት ዘለላ በጣታቸው እያሹ ያሸታሉ። ኖኅ የት ነው? ኖኅ ከሶፋው ሥር፣ በሆዱ ተኝቶ፣ ጉንጩ አብጦ፣ ከከንፈሩ አንድ አረንጓዴ ጫፍ ወጥቶ፣ እያኘከ ነበር።

ቶሎሳ በሰው ላይ ተራምዶ ደረሰ። ልጁን ብድግ አደረገው፣ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። ኖኅ ደነገጠ፣ አነቀው፣ ፊቱ ቀላ፤ ከዚያም ወተትና ሣር የተቀላቀለበት ትውከት በአያቱ ሸሚዝ ላይ ለቀቀው።

«መርዝ ነው!» አለ ቶሎሳ። ድምፁን ራሱ አላወቀውም። «ተነሡ! ሁላችሁም ተነሡ! ሣሩ መርዝ አለበት!»

ጸሎቱ እንደ ክር ተበጠሰ። አንዱ «በኢየሱስ ስም!» አለ። እናቶች ልጆቻቸውን እየነጠቁ ብድግ ብድግ አሉ። ራኬብ ከወዲያ መጥታ ኖኅን ከእጁ ወሰደችው።

«ምን አልክ? ፓፓ፣ ምን አልክ?»

«ረጭቼበታለሁ። ቅዳሜ። ከፖም ዛፉ ሥር ያለውን ሁሉ። የአረም መርዝ ነው፣ ራኬብ፤ ደውዪ!»

ራኬብ አልጮኸችም። ፊቷ ብቻ እንደ ወረቀት ሆነ። ኖኅን በአንድ ክንዷ እንደያዘች ስልኩን አንሥታ ድንገተኛውን ደወለች፤ የመርዝ ጉዳይ ነው አለች፤ ከመርዝ መረጃ ክፍሉ ነርስ ጋር አገናኟት። «የመድኃኒቱን ስም ንገሩኝ ይላሉ!» አለች ወደ አባቷ ዞራ። «ስሙ ማን ነው? ጠርሙሱ የት አለ?»

እማማ ከበደች የያዙትን ዘለላ ወረወሩት። «እኔ ደግሞ ጥርሴን ልፈትሽበት ብዬ አላምጬዋለሁ» አሉ። «ጌታ ሆይ፣ ስንት ነገር አሳልፈኸኝ በሣር ልትወስደኝ ነው?» የሳቀ ሰው አልነበረም።

ቶሎሳ በጓሮ በር ወጣ። በካልሲው ነው፤ እርጥቡ ሣር እግሩን አቀዘቀዘው። ዕቃ ቤቱ ጨለማ ነው፤ እየዳሰሰ ጠርሙሱን አገኘው። ከዕቃ ቤቱ ሲወጣ፣ የሚሄድበት መንገድ በፖም ዛፉ ሥር ነበር። እዚያ ሲደርስ ቆመ።

መደቡ ባዶ ነበር። ባዶ ብቻ አይደለም፤ እንደ ወታደር ፀጉር ተላጭቷል። በማጭድ አንድ ጭብጥ አንድ ጭብጥ እየተያዘ የታጨደ ሣር እንዲህ አይሆንም፤ ይህ የሞተር ማጨጃ ሥራ ነው። የማጨጃው ጎማ መስመር ከስቱረ አጥር ጀምሮ እስከ ፖም ዛፉ ግንድ ይታያል። የታጨደው ሣርም እዚያው ጥግ ላይ ተከምሯል። እሾኩም፣ ማስክሩሱም፣ ሣሩም አንድ ላይ እንደ ጎመን ተከታትፎ፣ ማንም ሳይነካው፣ እዚያው አለ።

ቶሎሳ ጠርሙሱን እንደያዘ ክምሩን አየ። ቀጥሎ የሳሎኑን መስኮት አየ። የሳሎኑ ሣር ረዥም ነው። አንድ ክንድ ይሆናል። ይህ ግን ተከትፏል። እንግዲያው ያኛው ከየት መጣ? ተስፋ ልቡን ነካ አደረገው፤ እሱ ግን ተስፋውንም ፈራው። እየሮጠ ተመለሰ።

ሳሎን ሲገባ ሁሉም ከሣሩ ሸሽተው ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። በኩሽና ሲጮኽ የነበረው የጭስ ማራገቢያ ጠፍቷል። ያለምወርቅ ሽርጧን እንደታጠቀች መሐል ቆማለች፤ ጩኸቱን ሰምታ መውጣቷ ነው።

«ሣሩን…» አለ፤ ትንፋሽ አጠረው። «ሣሩን ከየት አመጣሽው?»

«ከሐይቁ ዳር ነዋ!» አለች። «ከየት ላመጣው? ያ ወዳጅህ ስቱረ ጠዋት ገበያ ደርሼ ስመለስ ጥርግ አድርጎ አጭዶ ጠበቀኝ! ከሰኔ ጀምሬ ያሳደግኩትን! አንተ ነህ ያዘዝከው ብዬ ነው እኮ ስልክህን ያላነሣሁት። ማጭዴን ይዤ በመኪና ሐይቁ ድረስ ሄጄ፣ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ገብቶ…» አቆመች። ጠርሙሱን አየች። «እሱ ምንድን ነው የያዝከው?»

ራኬብ በስልኩ ለነርሷ ትናገር ነበር፤ ይቅርታ፣ የተረጨው ሣር አይደለም፣ ከሐይቅ ዳር የመጣ ንጹሕ ሣር ነው። ነርሷ ያለችውን ቀስ ብላ ደገመችው፦ በጣትና በሣር ስለታነቀ ይሆናል ያስመለሰው፤ ውኃ ይጠጣ፤ ካለቀሰና ከተጫወተ ደህና ነው፤ ካስጨነቃችሁ መልሳችሁ ደውሉ። ኖኅ እያለቀሰ ነበር። እማማ ከበደች፣ «አልቅስ የኔ ጌታ፣ እሰይ፣ አልቅስ» አሉት።

ቶሎሳ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጠ። አሁን ገና ሣሩን አየው፤ አገዳው ወፈር ያለ፣ ሦስት ማዕዘን ያለው፣ የውኃ ዳር ቄጤማ ነው። በግቢያቸው እንዲህ ያለ ነገር በቅሎ አያውቅም። ዐይን ቢኖረው ኖሮ ገና ሲገባ ይለየው ነበር።

«ቅዳሜ ነው?» አለች ያለምወርቅ፤ ድምፅዋ እንደ ስቱረ ዝቅ ብሏል። «እኔ ዮተቦሪ ሳለሁ?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈራሁ።»

«ማንን? እኔን?»

ከዚህ ይልቅ የከበደው ግን የራኬብ ነገር ነው። ኖኅን ትከሻዋ ላይ አድርጋ እያባበለች፣ አባቷ ፊት መጥታ ቆመች። በልጅነቷም ቢሆን እንዲህ ሲከፋት አይቶ አያውቅም። እንደ ልማዷ በስዊድንኛ ሳይሆን፣ በተሰባበረ አማርኛ ተናገረች።

«ስልክ ላይ ‹ኖኅስ› ብለህ ጠየቅከኝ። ታውቅ ነበር። እኔ ሳቅኩኝ… አንተ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር» አለ ቶሎሳ። «ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር።»

«ከፍተህ ነበር» አለች፤ ልጇን ይዛ ወደ መኝታ ክፍል ገባች።

ማን ምን ይበል? አንዱ ይስላል፣ አንዱ ጫማውን ይፈልጋል። በመጨረሻ እማማ ከበደች በበትራቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ።

«ወዴት ነው የምትሄዱት?» አሉ። «ጸሎቱን መቼ ጨረስን? ቅድም ስንጸልይ የነበረው ስለሚመጣው ሺህ ዓመት ነው። አሁን ደግሞ ስላለፈችው ስለዚች ሰዓት እናመስግን። ቶሎሳ ልጄ፣ አንተም ተነሥ፤ እኔ መንበርከክ ያቃተኝ ባልቴት እንኳ ዛሬ ልንበረከክ ነው፤ ያዙኝ!»

ሁለት ሰው ደግፎ አንበረከካቸው። ቶሎሳም ተንበረከከ። ያን ጊዜ የጸለየውን ጸሎት ማንም አልሰማም፤ ቃል አልነበረውምና። ግንባሩን ሣሩ ላይ ደፍቶ፣ የሐይቁን ሽታ እየሳበ፣ «ተመስገን» ብቻ አለ። እሱ ሳያውቅ፣ እሱ ባቡር ውስጥ ተቆልፎ በፍርሃት ሲርድ፣ ጥፋቱ ከልጁ ደጃፍ ዞር ተደርጎ ነበር። ያውም በማን እጅ!

ቀና ሲል ያለምወርቅ ከጎኑ ተንበርክካለች። አላየችውም። ግን ጠርሙሱን ከአጠገቡ ወስዳ፣ በፌስታል ጠቅልላ፣ ከልጆች ራቅ አድርጋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። «ነገ የአደገኛ ቆሻሻ መጣያው ድረስ በእግርህ ነው የምትወስደው» አለች ጥርሷን ነክሳ። ቶሎሳ ይህን እንደ ምሕረት መጀመሪያ ቆጠረው።

እንግዶቹ ድፎ ዳቦውን መቁረስ ሲጀምሩ፣ ቶሎሳ ትልቅ ቁራሽ በሳህን ይዞ፣ የቆሸሸ ሸሚዙን እንኳ ሳይቀይር፣ ወደ ስቱረ ቤት ሄደ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። በዚያ በር ላይ በራሱ ፈቃድ ለደስታ ነገር ሲቆም ይህ የመጀመሪያው ነው። አንኳኳ።

ስቱረ በሩን ከፍቶ ቶሎሳን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ። ቶሎሳም አወቀ፤ ሽማግሌው ፈርቶታል።

«ሚስትህ አሁንም ተቆጥታለች?» አለ ስቱረ። «ጠዋት ጮኸችብኝ፤ ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። ትናንት እንግዳ ይመጣል አልከኝ። ያ ጥግ ደግሞ ሳይታጨድ ቀርቷል። ጊዜ አጥታችሁ ነው፣ ለበዓላችሁ ግቢያችሁ እንዲያምርላችሁ ብዬ ነው። መጠየቅ ነበረብኝ። ሰው ግቢ ሳይጠይቁ መግባት ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ስጨነቅ ነው የዋልኩት።»

«ስቱረ፣ በግንቦት አበቦችህ ሊጠይቁኝ መጡ ስትለኝ…» አለ ቶሎሳ፣ «ተቆጥተህ ነበር?»

«እኔ?» ሽማግሌው ግራ ገባው። «የሚጠይቀኝ ሰው ስለሌለ ነዋ።»

ቶሎሳ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። የስቱረን ቀጭን እጅ በሁለት እጁ ያዘ፣ ጎንበስ ብሎ በአገሩ ወግ ትከሻውን ሳመው፤ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ። ስቱረ እንጨት ሆኖ ቆመ።

«ቶሎሳ» አለ ስቱረ ቀስ ብሎ፣ «ይህ ሁሉ ለትንሽ ሣር ነው?»

«ለትንሽ ሣር ነው» አለ ቶሎሳ። «ና፣ ቤታችን እንግባ፤ እንግዶቹ አልሄዱም። ለያለምወርቅ ራስህ ትነግራታለህ። እኔም የምነግርህ ነገር አለኝ።»

ስቱረ ጫማውን ሊያደርግ ጎንበስ አለ። ቶሎሳ ቆሞ ሲጠብቀው፣ በአጥሩ ላይ አሻግሮ የገዛ ቤቱን መስኮት አየ። ራኬብ ኖኅን ይዛ መስኮቱ አጠገብ መጥታለች። ልጁ መስታወቱን በሁለት መዳፉ ይመታል። ራኬብ አባቷን አየችው። እጇን አላነሣችም፤ ግን ከመስኮቱም አልራቀችም፣ ልጁንም ዞር አላደረገችበትም። ቶሎሳ ልቡ ጉሮሮው ላይ እንደተቀመጠች፣ እዚያው ሆኖ፣ ለልጁ እጁን አወዛወዘለት።